የሁለቱ የቲሞች ግድግዳ

 

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ፣ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እና ኸድር አብረው የተጓዙበት ታሪክ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። ሁለቱ ወደ አንዲት ከተማ ይገባሉ፤ የሚበላ ይጠይቃሉ፤ ያገሩ ሰው ሊያስተናግዳቸው እምቢ ይላል። እዚያው ከተማ ውስጥ ሊወድቅ ያዘመመ ግድግዳ ያያሉ። ኸድር ያቀኑታል። ሙሳ አላስቻላቸውም፤ ብትፈልግ ኖሮ እኮ ዋጋ ትቀበልበት ነበር አሏቸው። የግድግዳው ነገር የተገለጠላቸው በኋላ፣ ሊለያዩ ሲሉ ነው። የሁለት የቲም ልጆች ነበር። ከሥሩ የነሱ ድልብ ተቀብሯል፤ አባታቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ልጆቹ አድገው በእጃቸው እስኪያወጡት ድረስ ግድግዳው መቆም ነበረበት።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቁርኣን ያልነገረን ነገር ነው። ሁለቱ ልጆች ማን እንዳቀናላቸው አውቀው ይሆን? አመስግነው ይሆን? ታሪኩ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን አንዲት እህት በውስጥ መስመር የላከችልኝ መልእክት ነው። ሶሻል ወርክ ተምራ ተመርቃለች። ሥራ ያገኘችው ላሊበላ ላይ ነው፤ ከተማው ውስጥና በላስታ ገጠር ቀበሌዎች ችግር ላይ ያሉ ሕፃናትን የሚከታተል ሥራ። «ኡስታዝ፣ ደሞዝ እየተከፈለኝ የቲም የመንከባከብ አጅር አገኛለሁ? ደግሞስ ልጆቹ አብዛኞቹ ክርስቲያን ናቸው፤ አጅሩ ያው ነው?» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ ሌላ አጭር መልእክት ላከች፦ «ካቃተኝስ?»

የመጀመሪያውን ቶሎ መለስኩላት። የቲምን ስለመያዝ በዝርዝር ከተናገሩት አንቀጾች አንዱ የሱረቱ ኒሳእ ስድስተኛ አንቀጽ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከአንድ የሶሻል ወርክ ተማሪ ጓደኛዬ ጋር ትርጉሙን ስናነብ «ይሄማ የኛ የሥራ መመሪያ ነው» ብሎ ስቆ ነበር። እውነቱን ነው። አንቀጹ የቲሞችን ፈትኗቸው፣ ብስለታቸውን እዩ ይላል። ንብረታቸውን የምትሰጡበትን ጊዜ ይወስናል። ሳያድጉ በፊት ተጣድፎ መብላትን ይከለክላል። ሀብታም የሆነ ተንከባካቢ እጁን ይሰብስብ፤ ድሃ የሆነው ግን በአግባቡ ይብላ ይላል። ርክክብ ሲደረግ ደግሞ ምስክር አቁሙ ይላል። ክትትል፣ ጊዜ፣ ክፍያ፣ ሰነድ፤ አንድም አልቀረም። ስለዚህ ተንከባካቢ ይብላ ወይስ አይብላ የሚለውን አላህ ራሱ መልሶታል። ደሞዝሽ ሐላል ነው፤ ኒያሽ ካማረ አጅርሽን አይነካውም። አቡ በክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ሶሐቦች ከበይተል ማል ቀለብ ቆርጠውላቸዋል፤ ለኸሊፋ ያላሳፈረ ለማን ያሳፍራል?

ግን የኸድርን ግድግዳ አትርሺ አልኳት። ሙሳ ዋጋ መቀበል ይቻል ነበር ሲሉ ስለ ሐራም ነገር አልተናገሩም። ኸድር ግን ዋጋ ባልነበረበት፣ ሰዉም ፊት በነሳበት ቀን ግድግዳውን አቀኑት። ደሞዝ ዘግይቶ፣ መኪናው ነዳጅ አጥቶ፣ ቀበሌው ስብሰባ ላይ ነው ተብሎ የምትመለሺበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ልጁ እዚያው ነው።

ላስታን የማታውቁ ወንድሞችና እህቶች ላሊበላን የምታስቡት በአስራ አንዱ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኖች ነው። ከተማው ባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ከበላዩ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ገደል ወርዶ ገደል መውጣት ነው። ገብስና ምስር የምታበቅል ስስ መሬት፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር የሚርበው ሕዝብ። ብዙው ቤተሰብ ሴፍቲኔት የሚለውን ቃል እንደ አማርኛ ቃል ነው የሚያውቀው።

እዚያ የሕፃናት ችግር የራሱ መልክ አለው። ቱሪስት በሚመጣበት ዘመን አንድ የአስር ዓመት ልጅ ፈረንጅ ተከትሎ በግማሽ ቀን የሚያገኘው አባቱ በሳምንት ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችል ነበር። ደብተር ግዙልኝ ይላል፤ እንግዳው አዝኖ ይገዛለታል፤ ደብተሩ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ልጁ ዋሾ ሆኖ አይደለም፤ እጅ መዘርጋት ከትምህርት ቤት ይልቅ እንደሚያዋጣ ያስተማርነው እኛ ትልልቆቹ ነን። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ እንግዳ ተቋረጠ። ሆቴል ያጸዳ የነበረ አባት፣ ጋቢ ትሸጥ የነበረች እናት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሰላም ወረደ ሲባል በ2016 መጀመሪያ ደግሞ ላሊበላ ውስጥ ሌላ ተኩስ ተሰማ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ሲያመጣ የለመደ ልጅ ከወላጁ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ይኖረዋል? ይህን የሚያጠና፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

ሃይማኖት ፍለጋ ከቤቱ የወጣው ልጅም አለ። ከነሱ ወገን የቆሎ ተማሪ፣ ከኛ ወገን ደረሳ። ሁለቱም ከእናታቸው ርቀው፣ በር እያንኳኩ ነው የሚቀሩት። እኔም በልጅነቴ ደረሳ ነበርኩ። ብዙ ሰው ቁራሽ ሰጥቶኛል፤ አላህ ይስጣቸው። የማልረሳት ግን አንዲት ሴት ናት። በሯ ላይ ቆሜ ሳለሁ ቁራሹን ከመስጠቷ በፊት ግንባሬን በእጇ ነካችና «ትኩሳት አለብህ፤ እናትህ ታውቃለች?» አለችኝ። በማግስቱም ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሸሁ ሄዳ ተናገረች። ሶሻል ወርክ የሚባል ሙያ እንዳለ ሳላውቅ ሥራውን ያየሁት እሷ ዘንድ ነው። ቁራሽ የሰጡኝን ዛሬ ፊታቸውን አላስታውስም፤ እሷን ግን ገበያ መሃል ባገኛት እለያታለሁ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የቲምን የሚይዝ ሰው በጀነት ከሳቸው ጋር እንደሚሆን ሁለት ጣቶቻቸውን አቀራርበው ያሳዩበትን ሐዲስ (ቡኻሪ ዘግበውታል) ሁላችንም እናውቀዋለን። በረመዷን ፖስተር ላይ ሳይጻፍ አያልፍም። ግን ሐዲሱ ላይ ያለው ቃል ካፊል ነው። ካፊል ማለት ዋስ፣ ኃላፊ፣ በኔ ይሁን ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን የሰጠ ሰው ለጋስ ነው፤ አላህ ይቀበለው፤ ካፊል ግን የሚመለስ ሰው ነው።

በአገራችን የዚህ ትልቅ ምሳሌ ከሆኑት አንዷ ሙስሊም አልነበሩም፤ ይህን መናገር የሚከብደው ካለ ወሎን አያውቅም። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለመንፈሳዊ ጉዞ ወደ ግሸን ማርያም፣ ከላስታ በስተደቡብ ወዳለው አምባሰል መጡ። አገሩ ርሃብ ላይ ነበር። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ይዘዋት ተመለሱ፤ ሌላ ልጅም አብሮ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር ከሃያ አለፈ። ቤተሰባቸው አበደች አለ፤ ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮሮና እስካረፉ ድረስ ሥራው ላይ ነበሩ። ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው። ግሸን ሄዶ በዚያ ዓመት ያዘነ ሰው ብዙ ይሆናል። ሰጥቶ ያለፈም ይኖራል።

በዚያ ዘመን ሙያው ራሱ የቲም ነበር ብል አላጋነንኩም። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ደርግ ሲመጣ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። መሃሉን ቁጠሩት። የ1977ቱ ርሃብ ወሎንና ትግራይን ሲመታ፣ ኮረም ሜዳ ላይ ወላጅ አልባ ሕፃናት ሲቆጠሩ፣ አገሪቱ ሙያተኛ የምታሠለጥንበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ደግ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ደግነቱን ወደ ሥርዓት የሚለውጥ የሠለጠነ ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ደግነት ሥርዓት ሲያጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ በኋላ አየነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ብዙዎቹ ጥሩ ቤት ገብተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እናቱ በሕይወት እያለች ወላጅ የለውም ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ነበር፤ ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል ብላ የፈረመች እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የተወካዮች ምክር ቤት ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ዘጋ። እኛ ሙስሊሞች ይህን ነገር ከማንም በፊት መረዳት ነበረብን። ዘይድ (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት አድጎ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይባል ነበር። ከሳቸው ቤት የተሻለ ቤት የት አለ? ሱረቱል አሕዛብ ግን ልጆችን በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው አለች፤ ዘይድም ኢብኑ ሓሪሣ ተብሎ ወደ አባቱ ስም ተመለሰ። ፍቅር የልጁን እውነት የመሰረዝ መብት አይሰጥም። ፋይል ላይ የምትጽፊው የአባት ስም፣ የቀበሌ ስም፣ እናት አለች የለችም የምትይበት አንድ መስመር፣ ይህ ሁሉ አማና ነው። የሚያሰለች ወረቀት ሲመስልሽ የዘይድን ስም አስቢ።

እዚህ ላይ ለሁላችንም አንድ ነገር ልናገር፤ እንዳትቀየሙኝ። የቲም አስፈጥረን ፎቶ እናነሣለን። ልጁ የዘይት ጀሪካን ታቅፎ፣ እኛ ትከሻው ላይ እጃችንን ጥለን። ያ ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ጓደኛው ስልኩን ከፍቶ ፎቶውን ያሳየዋል። ሱረቱል በቀራ ሶደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ከንቱ አታድርጉ ስትል ይህን የማይጨምር ይመስላችኋል? ሙያው ያለው ሰው መጀመሪያ የሚማረው የልጁን ገመና መሸፈን ነው። ይህን እኛ ከሲትር ትምህርታችን ልናስተምራቸው ሲገባ ከነሱ እየተማርን ነው። ሰብሳቢዎች ያለ ፎቶ ገንዘብ አይመጣም ይሉኛል። ችግራቸው ይገባኛል። ግን የምንጠብቀው ልጅ ፊት ለገንዘቡ ማምጫ ከሆነ፣ ማን ማንን እየረዳ ነው?

ወደ እህታችን ሁለተኛ ጥያቄ ስመለስ፣ ሱረቱል ኢንሳን ምግብን እየወደዱት ስለሚሰጡ ሰዎች ስታወራ ድሃን፣ የቲምን፣ ምርኮኛን ትጠቅሳለች። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የሙስሊሞች ምርኮኛ ማን ነበር? ሊወጋቸው የመጣ ሙሽሪክ አይደለምን? ለሱ የሰጠ ከተመሰገነ፣ ከጎረቤትሽ ልጅ ላይ አጅር የሚቀንስበት ምክንያት የለም። ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምን እንዳገኘም ታውቂያለሽ።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። የተራበ ልጅ እጅሽ ላይ ሲሆን ልቡም እጅሽ ላይ ነው። ያንን ተጠቅመሽ ሃይማኖቱን ልንካው እንዳትይ። ልጁ ፋይልሽ ውስጥ የገባው ከነስሙ፣ ከነማተቡ፣ ከነእናቱ ጸሎት ነው። ዳዕዋ መብታችን ነው፤ ግን ዳቦ ከያዘ እጅ ጋር፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ፣ ደሞዝ በተከፈለበት ሰዓት ሲሆን አማና ማጉደል ይሆናል። ያለ አባት የቀረ የኛ ሙሐመድ ሌላ እምነት ያላት ሠራተኛ እጅ ቢወድቅ ምን እንድታደርግ ትፈልጊያለሽ? ሶላቱን እንድትጠብቅለት፣ ስሙን እንዳትለውጥበት፣ መድረሳው ከየት እንደሆነ እንድትጠይቅለት። ያንኑ አድርጊ። በወሎ አጎቱ ቄስ የሆነ ሸህ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ሽማግሌዎቻችን ይህን ያለ ፈትዋ ሲኖሩት ኖረዋል።

«ካቃተኝስ?» ለምትለው ግን ሁለት ቀን ሳልመልስ ቆየሁ።

ምክንያቱም ያቅታታል። ልዋሻት አልፈለግሁም። ከመምህሩ ሰምታ የአስራ አራት ዓመት ልጅን ጋብቻ ታስቆማለች። የቤተሰብ ሕጉ አስራ ስምንት ዓመት ይላል፤ የወንጀል ሕጉም ይቀጣል። አባትየው ይፈርማል፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። ከሁለት ወር በኋላ ሰርጉ ማኅበር ተብሎ፣ ከኛ ዘንድ ደግሞ ሰደቃ ተብሎ፣ ገደል ማዶ ባለ ሌላ ቀበሌ ይደገሳል። ይህ የነሱ ብቻ ነው እንዳትሉ፤ ዕድሜዋን ሳይጠይቅ ኒካሑን የሚያስር ሰው ከመሃላችን አለ። እኛ ኡስታዞች ሚንበር ላይ ስለዚህ ስንት ጊዜ ተናገርን? እኔ ከጣቶቼ ቁጥር አላልፍም። እሷ ብቻዋን ገደል ስትወጣ እኛ ዝም ካልን፣ ያቃታት እሷን አይደለም።

ፕሮጀክትም ያልቃል። ልጁ ስሟን ተላምዶ፣ ማክሰኞ ትመጣለች ማለት ከጀመረ በኋላ በጀት ተዘጋ ይባላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ለልጅ ቃል መግባት ላይ የሚቆጥቡት። መጀመሪያ ስሰማው ቀዝቃዛነት መስሎኝ ነበር። አሁን የገባኝ፣ አባቱ ተመልሶ ያልመጣ ልጅ ሌላ የማይፈጸም ቃል የሚሸከምበት ቦታ እንደሌለው ነው።

መፍራቱም አለ። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሆዳቸው ውስጥ እሳት እንደሚበሉ የሚናገረው አንቀጽ በወረደ ጊዜ ሶሐቦች ደነገጡ። የቲም የሚያሳድጉት ምግቡን ከምግባቸው ለዩ፤ የተረፈውን ማንም አይነካውም፤ አንዳንዴም ይበላሻል። ልጁ ብቻውን ይበላል። ይህ ሲከብዳቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩ፤ የሱረቱል በቀራ አንቀጽ ወረደ። ለነሱ ማስተካከል በላጭ ነው፤ ብትቀላቅሏቸውም ወንድሞቻችሁ ናቸው፤ አላህ የሚያበላሸውን ከሚያስተካክለው ለይቶ ያውቃል የሚል ነው ይዘቱ። እዩት፤ ጥፋትን በመፍራት ብቻ የተሠራ ጥንቃቄ ልጁን ብቻውን ማዕድ ላይ አስቀመጠው። በዛሬውም ቢሮ እንዲሁ ነው። ፎርሙ ተሞልቷል፣ ፊርማው አለ፣ ተጠያቂ የሚሆን የለም፤ ልጁ ግን ብቻውን ይበላል። ሰነድ ያስፈልጋል ብዬ ከላይ የተናገርኩት እኔው ነኝ። ግን አንዳንድ ቀን ፎርሙን ዘግተሽ አብረሽው መቀመጥ ይኖርብሻል፤ መቼ እንደሆነ የሚነግርሽ መመሪያ የለም።

ማልቀስም ይመጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍሱ ልትወጣ የቀረበችን የልጃቸውን ልጅ ታቅፈው ሲያለቅሱ ሰዕድ (ረ.ዐ.) ምንድን ነው ይህ ብለው ጠየቁ። አላህ በባሮቹ ልብ ያኖረው እዝነት መሆኑን ነገሯቸው። ስለዚህ በሙያ ሰው ዘንድ እንባ ድክመት ነው የሚልሽን አትስሚ። ሰልማን (ረ.ዐ.) ግን ወንድሙ አቡ ደርዳእን ሌሊቱን ሙሉ አትቁም፣ ለነፍስህም ለቤተሰብህም ሐቃቸውን ስጥ ብሎታል፤ ነቢዩም እውነቱን ነው ብለዋል። ዓርብ ከሰዓት ስልክሽን ዝጊ። እናትሽን ጠይቂ። ያልደረስሽለት ልጅ ጌታ አለው፤ አንቺ አይደለሽም።

ይህን ሁሉ በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት። ረጅም ስለነበር ይቅርታ ጠየቅሁ። በማግስቱ የመለሰችው ሦስት መስመር ነው። ሰኞ በወልዲያ በኩል እንደምትሄድ፣ ላሊበላ መስጊዱ ከምትከራይበት ቤት ሩቅ ይሁን ቅርብ እንደማታውቅ፣ ምን ይዤ ልሂድ ብላ። ጠንካራ ጫማና ወፍራም ጋቢ ያዢ አልኳት፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ደብተርም ጨምሪ፤ የያንዳንዱን ልጅ ስም ከነአባቱ ስም ጽፈሽ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ከፍተሽ ዱዓ የምታደርጊበት። ለማንም የማታሳዪው።